የሐሙስ ሰዎች እና የቅዳሜ ሰዎች

ወንድሜ ፍቃዱ ከደብረ ብርሃን ማረሚያ ቤት በአመክሮ ተፈትቶ ጎረቤላ በገባ በሳምንቱ የገብስ ክምር ነደደ። ክምሩ የአባታችን ነው፤ እሳቱ ግን ለማን እንደተላከ ያልገባው ሰው አልነበረም። ማን እንዳነደደው ማንም አልጠየቀም። በማግስቱ ወልደአረጋይ ቅንድቡ ተለብልቦ በገበያ መሃል ሲያልፍ ሁሉም አይቶታል፣ ሁሉም ሰላም ብሎታል። እኔም ብዬዋለሁ። ምን ላድርግ? «እናትነሽ ምግብ ቤት» የእኔ ነው፤ እሱም ደንበኛዬ ነው።

ወልደአረጋይ የዘሥላሴ ታላቅ ወንድም ነው። ዘሥላሴን የገደለው ደግሞ ፍቃዱ ነው፣ የእኔ ታናሽ። ከስድስት ዓመት በፊት በገና ዕለት፣ ከከተማው በታች ባለው ሜዳ ላይ ሲጫወቱ ዘሥላሴ ሰደበው። በገና ሜዳ መሰዳደብ ያለ ነው፤ ቄሱም ይሰደባል፣ ሀብታሙም ይሰደባል፣ ስቆ ያልፋል። ፍቃዱ ጠጥቶ ነበርና አልሳቀም። የያዘውን የገና ዱላ አንሥቶ ጆሮ ግንዱ ላይ አሳረፈበት። አንዴ ብቻ ነው የመታው። የአጥንቱን ድምፅ እኛ ሴቶቹ ከተቀመጥንበት ሰምተነዋል። ዘሥላሴ በጉልበቱ ወረደ፣ ቀጥሎ በጎኑ ወደቀ፤ በአፍንጫውም በጆሮውም ደም መጣ።

ወልደአረጋይ ከሜዳው ማዶ ጫፍ ነበር። በገና ጨዋታ ሰው መውደቁ ብርቅ አይደለምና ወንድሙ ሲወድቅ አይቶ ሳቀ። ፍቃዱ ሲያጎነብስ አየ፤ የወንድሙ ከንፈር ሲንቀሳቀስም አየ። ከዚያ ፍቃዱ ዱላውን ጥሎ ከሜዳው ሥር ወዳለው ገደል ሮጠ። ወልደአረጋይ ያኔ ነው ሳቁን ያቆመው። ሜዳውን አቋርጦ ሲደርስ ዘሥላሴ ነፍሱ ወጥታለች።

ሽማግሌዎቹ እርቅ ሲያነሡ ወልደአረጋይ የጠየቀው ነገር አንድ ብቻ ነበር። ከብት አልጠየቀም፣ መሬት አልጠየቀም። «ወንድሜ መጨረሻ ላይ ምን አለ? እሱን ይንገረኝና ደሙን እተዋለሁ። ካልነገረኝ እገድለዋለሁ» አለ። ፍቃዱ ለፍርድ ቤቱም ለሽማግሌዎቹም ለእኔም የሰጠው መልስ ያው ነው። «ምንም አልሰማሁም።» ውሸቱን እንደሆነ ፊቱ ላይ ይነበባል። ስንት ጊዜ ለመንሁት፣ ስንት ጊዜ ሰደብሁት። «አንድ ቃል ነው የተጠየቅኸው፣ በአንድ ቃል ነፍስህን ግዛ» እያልሁ።

በእኛ አገር ደም ያልደረቀባቸው ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር አይቀመጡም። አብረው አይበሉም፣ አብረው አይጠጡም፤ አንዱ ያለበት ቤት ሌላው አይገባም። ጎረቤላ ደግሞ ሰፊ ከተማ አይደለም። ወፍጮው አንድ ነው፣ መናኸሪያው አንድ ነው፤ ትልቅ ስክሪን ያለው ቴሌቪዥን ያላት እኔ ነኝ። እንግዲህ ይኼን ጉድ መፍታት የወደቀው በእኔ ላይ ነው።

የፈታሁትም በድራማው ነው። ድራማው «አዳሪው» ይባላል፤ ሐሙስ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ይተላለፋል፣ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይደገማል። የእኛ ወገን ሐሙስ ይምጣ፣ የወልደአረጋይ ወገን ቅዳሜ ይምጣ ብዬ ወሰንሁ። ዱላ በር ላይ ይቀመጣል፤ ያለ ዱላ እንጂ በዱላ ወደ ቤቴ የሚገባ የለም። የደሙ ሽማግሌ መሪጌታ ተስፋሚካኤል በሁለቱም ቀን ይመጣሉ። «የሽምግልና ሥራ ነው» ይላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ያዩትን መልሰው ሲያዩ፣ ገጸ ባሕርዩ ከመናገሩ በፊት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ግን እኔ አያቸዋለሁ።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አንድ ዓርብ የአጎቴ ልጅ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ ተራ ሲጠብቅ ያለፈውን ማታ ታሪክ ለወልደአረጋይ አማች ዘረገፈለት። ሰውየው ቀድሞ «ተው፣ እኔ የቅዳሜ ነኝ» ብሎት ነበር። አልተወም። ሁለት የፊት ጥርሱን ዱቄት ላይ ተፋ።

ድራማውስ ምን ነበረው ትሉኝ ይሆናል። አንድ ልብስ ሰፊ ጎረቤቱን በመቀስ ወግቶ ይገድላል፤ ማንም አይደርስበትም። ከዚያ በየማታው የስፌት መኪናው መጮህ ሲጀምር ሟቹ መጥቶ በሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ከሰፊው በቀር የሚያየው የለም። ይኸው ነው። ጥርሱን አግጥጦ የሚያስፈራራ፣ ግድግዳ ሰንጥቆ የሚገባ የለበትም። ሟቹ ስለ ልጁ ትምህርት ይጠይቃል፣ ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ይጠይቃል። የሚለብሰው ያችኑ የሞተባትን ሹራብ ነው፤ አንድ ቁልፍ ይጎድላታል። አንድ ማታ ሰፊው ማንም ሳይጠይቀው ተነሥቶ ቁልፉን ይተክልለታል። አይነጋገሩም። ክሩን በጥርሱ ሊበጥስ ሲያጎነብስ ፊቱ የሟቹን ደረት ሊነካ ይደርሳል። በሳምንቱ ክፍል ሟቹ ሲመጣ ቁልፉ የለም። ሰፊው ያያል፣ መርፌውን ያነሣል፣ እንደገና ይተክላል። እኔ ያን ሳይ የያዝሁትን ትሪ አስቀምጬ አለቀስሁ። ከዚያ በፊት በቴሌቪዥን የሚያለቅስ ሰው ሳይ የምስቅ ነበርሁ።

ተዋናዮቹን እንዴት ልንገራችሁ። ሰፊው ውሸታም ነው፣ ቆንቋና ነው፣ ሚስቱን ያመናጭቃል፤ ልትጠላው ተነሥተህ እጁ ጨርቁን ሲያጥፍ ታያለህና ትተወዋለህ። ሟቹም መልአክ አይደለም። በሕይወቱ ክፉ ጎረቤት እንደነበር ቀስ እያለ ይወጣል። ማንን እንደምደግፍ ጠፍቶኝ እየተናደድሁ ነበር የማየው።

ሐሙስ ሐሙስ ፍቃዱ በግድግዳው ጥግ ይቀመጣል። አንድ ማታ ሰዉ ከወጣ በኋላ ብርጭቆ ስሰበስብ «ታድሎ» አለ።

«ማን?»

«ሰፊው። የገደለው ሰው ይመጣለታል።» የራሱን ብርጭቆ አቀበለኝና «እኔ እስር ቤት ሆኜ ስንት ቀን ጠበቅኩት መሰለሽ፣ እታለም። አንድ ቀን እንኳ አልመጣም» አለኝ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ወልደአረጋይ በዚያችው ትዕይንት ላይ ጠረጴዛዬን በጡጫ መታ። «ለምን ለገዳዩ ይታያል? ወንድም የለውም? ምን አድርጎለት ነው ለሱ የሚመጣው?» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየው። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ሁለቱ የሚፈልጉት አንድ ሰው እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። መግባቱ ግን ማንንም አላዳነም፤ በማግስቱ የፍቃዱ በሬ ቋንጃው በመጥረቢያ ተቆርጦ ጋጣው ውስጥ ተኝቶ ሲያጓራ ተገኘ። ፍቃዱ ራሱ አረደው። ሥጋውን የቀመሰው ሰው የለም፤ ለጅብ ተጣለ።

የመጨረሻው ክፍል በዐቢይ ጾም መሃል ደረሰ። ሐሙስ ዕለት ቤቴ ሞልቶ መብራት ጠፋ። ጎረቤላ በሙሉ ጠፋ። እስከ ሦስት ሰዓት ጠብቀን የእኛ ሰዎች እየተራገሙ ወጡ። የቀረው የቅዳሜው ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ የእነሱ ነው። ዘመዶቻችን «ይቅርብን» አሉ። ፍቃዱ አልቀረበትም።

«እታለም፣ ከተፈታሁ ወዲህ ሌላ ነገር ለምኜሽ አውቃለሁ?» አለኝ። አልለመነኝም፤ እውነቱን ነው። «መጨረሻውን ልየው። ሟቹ ይሄድ እንደሆን፣ ይቀር እንደሆን ልየው።»

ማድ ቤቴ ከዋናው ቤት ጋር ይጣበቃል እንጂ ጣሪያው ለብቻው ነው። ምግብ የማቀብልባት መስኮት አለች፤ በእሷ ከጨለማው ጥግ ሆኖ ቴሌቪዥኑን ማየት ይቻላል። መሪጌታን አማከርኋቸው። መጥተው በውጭ በኩል አንጋጠው አዩ። በሁለቱ ቆርቆሮ መካከል እጅ የምታሾልክ ክፍተት አለች፤ ክረምት ዝናብ ይወርድባታል። ጣታቸውን ሽቅብ ቀስረው ቆዩና «ጣሪያው ሌላ ነው፤ ደንቡ አልፈረሰም» አሉ። እሳቸውም እንደ እኔ የተመኙት ነገር ነበር መሰለኝ። እኔ የተመኘሁት ወልደአረጋይ መጨረሻውን አይቶ ልቡ እንዲራራ ነበር። ለጣሪያ ተጨነቅን እንጂ ለመስኮቷ የተጨነቀ ማንም አልነበረም።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጉም ከገደሉ ወጥቶ ከተማውን ዋጠው። ነፋሱም ኃይለኛ ነበር። ፍቃዱን በጓሮ አስገብቼ ማድ ቤት ዱቄት ማጠራቀሚያው ላይ አስቀመጥሁት። እኔ መስኮቷ ሥር ጎመን እከትፋለሁ፤ በአንድ ዓይኔ ድራማውን፣ በአንድ ዓይኔ ወንድሜን አያለሁ። ወልደአረጋይ ከፊት ነው የተቀመጠው፣ ከመሪጌታ አጠገብ። ዱላው በር ላይ ነው።

ሟቹ መጣ። በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ። ሰፊው መርፌውን ሲያነሣ «ዛሬ ተወው» አለው። ቀጥሎም እንዲህ አለ። «መሄድ አቅቶኛል። ስሞት መጨረሻ ላይ ምን እንዳልኩ አላውቅም። የሰማኸው አንተ ብቻ ነህ። ንገረኝ።»

የእኔ እጅ ቢላዋው ላይ ቆመ። ከኋላዬ ፍቃዱ ከተቀመጠበት ተነሣ። ወልደአረጋይ ወደ ፊት ተስቦ ከወንበሩ ጫፍ ደርሶ ነበር። ሰፊው ከንፈሩን አላቀቀ፤ ያኔ ነፋሱ ጣሪያው ላይ ያለውን ዲሽ አዞረውና ስክሪኑ ጠቆረ።

ጩኸቱን ልትገምቱት ትችላላችሁ። ቢላዋውን መስኮቷ ላይ ወርውሬ በጓሮ ሮጥሁ። መሰላሉን አስደግፌ ወጣሁ። ከላይ ሆኜ ዲሹን ስገፋ፣ ከውስጥ ያሉት ይጮኹልኛል፤ ሁልጊዜም እንዲያ ነው የምናደርገው። «መጣ! መጣ!... ኧረ ሄደ! ወደ ግራ!» እገፋለሁ። «መጣ!... ጠፋ!» ጉሙ እጄን ያቀዘቅዘዋል። ከዚያ ድምፁ ቀረ። ሥዕሉ የመጣላቸው መሰለኝና ዲሹን እንዳይነቃነቅ ይዤ ቆምሁ።

በዚያች ሰዓት ቤት ውስጥ የሆነውን የነገሩኝ መሪጌታ ናቸው። ወልደአረጋይ የጠቆረውን ስክሪን እያየ «እሱስ እንኳ ሊነግረው ነበር» አለ። ለማንም አላለውም፤ ለራሱ ነው ያለው። የሰው ሁሉ ድምፅ የጠፋው ለዚህ ነበር። ያኔ ከማቀበያዋ መስኮት ውስጥ አንድ ሰው «ወልደአረጋይ» ብሎ ጠራው።

ሁሉም ዞረ። የፍቃዱ ፊት መስኮቷ ላይ ነበር።

«ወንድሜን ጥራልኝ ነው ያለኝ» አለው። «ሁለት ጊዜ ነው ያለኝ። ወንድሜን ጥራልኝ። አንተ እዚያ ማዶ ትስቅ ነበር። ድምፄን ከፍ ባደርግ ትሰማኝ ነበር። ፈርቼ ሮጥኩ። አልጠራሁህም።»

መሪጌታ «ልጄ፣ ነገረህ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቃልህን...» ማለት ጀምረው ነበር። ወልደአረጋይ የሰማቸው አይመስለኝም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ወንድሙ ተቆጥቶ ይሆናል የሞተው፣ ተሳድቦ ይሆናል፣ እናቱን ጠርቶ ይሆናል እያለ ነበር የኖረው። የጠራው እሱን ነበር። እሱ ደግሞ እየሳቀ ነበር። ጠረጴዛውን ገልብጦ መስኮቷ ዘንድ ደረሰ፤ የእኔን የጎመን ቢላዋ ከተወረወረበት አነሣ፤ በሌላ እጁ የፍቃዱን አንገት ይዞ ግማሽ አካሉን በመስኮቷ ሳበው። ሆዱን ወጋው። ደግሞ ጎኑን ወጋው። ደግሞ። ፍቃዱ እጁን አላነሣም ይላሉ መሪጌታ፤ የመስኮቷን ደፍ በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ሊያስጥል የቀረበ አንድ ሰው መዳፉ ለሁለት ተተለተለ። ከዚያ በኋላ የቀረበ የለም። ደሙ በግድግዳው ላይ ወርዶ ወለሉን ሲሞላ ሰው እርስ በርሱ እየተረጋገጠ በበር ወጣ። መሪጌታን ገፍትረው ጣሏቸው።

እኔ ከመሰላሉ ላይ ሰዎች ወደ ጉሙ ሲሮጡ አየሁ። «ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ?» ብል የሚመልስልኝ አጣሁ። አንዷ ሴት ነጠላዋን ጥላ ሄደች። ልቤ አወቀው። እጄ ግን ዲሹን አለቀቀም።

ከዚያ ወልደአረጋይ ብቻውን ከበሩ ወጣ። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ ደም ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ታች ሲሮጥ እሱ ወዲህና ወዲያ እያየ ቆመ፤ ጉሙ ውስጥ ሰው ይፈልጋል። መሸሽ ይችል ነበር። ገደሉ ቅርብ ነው፣ ጉሙም እስከ ማታ የሚያቆየው ነበር።

«እትዬ እናትነሽ!» ብሎ ጮኸ። ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ። «እትዬ እናትነሽ! የት ነሽ? ነይ! ነይ ድረሽ፣ ይጠራሻል! ወንድምሽ ይጠራሻል!»

ከመሰላሉ እንዴት እንደወረድሁ አላውቅም። ወደቅሁ መሰለኝ፤ ጉልበቴ እስከ ዛሬ ያመኛል። በአጠገቡ አልፌ ገባሁ። ፍቃዱ ከመስኮቷ ሥር ወለሉ ላይ ነበር፣ በዋናው ቤት ጣሪያ ሥር። ጭንቅላቱን ታቅፌ ተቀመጥሁ። ነጠላዬን ሆዱ ላይ ብጭነው ወዲያው ራሰ። ዓይኑ ክፍት ነው፤ አየኝ። ማየቱን አውቃለሁ።

«ነገርኩት» አለኝ።

«አዎ የእኔ ጌታ፣ ነገርኸው» አልሁት።

ፈገግ ሊል ፈለገ። ዲሹን ያቆምሁበት አቅጣጫ ለካ ልክ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ በራሱ ጊዜ ተመልሶ ኖሯል። ቀና ስል ሰፊው ጨርቅ ሲያጥፍ አየሁ፤ በርጩማዋ ባዶ ነበረች። ዝቅ ስል ፍቃዱ ሞቷል። ወልደአረጋይ በሩ ላይ ተንበርክኮ ነበር፣ ፖሊስ እስኪመጣ።

ክሱ ደብረ ብርሃን ታየ። ለምስክርነት የሄድሁት ከአጎቶቼ ልጆች ጋር ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ጆሮዬ ሥር ሆነው መከሩኝ። «ያየሽውን ተናገሪ። ቢላዋውን፣ ደሙን ተናገሪ። የመጥራቱን ነገር ግን ተዪው፤ ቅጣት ያቀልለታል። ከአንቺ በቀር የሰማ የለም፤ ሁሉም ሸሽቷል፣ ሽማግሌውም ራሳቸውን ስተው ነበር።» እውነታቸውን ነው። ተፈትቶ ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉትም ነገሩኝ፤ የሚጠብቁበትን መታጠፊያ ሳይቀር። ሰማኋቸው። እኔም ሞቱን እመኝ ነበር። ሌሊት ሌሊት በዚያው ቢላዋ በገዛ እጄ ስገድለው ነበር የማድረው፤ አልዋሽም።

ዐቃቤ ሕጉ ጠየቀኝ፣ መለስሁ። ቢላዋው የእኔ ነው አልሁ። ደሙን ተናገርሁ፤ ስናገር እጄ ላይ እንደገና ሞቀኝ። ወልደአረጋይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ከስቷል። አላሳዘነኝም።

«ከወጋው በኋላ ተከሳሹ ምን አደረገ?» አለኝ ዐቃቤ ሕጉ። መልሱን የሚያውቀው መስሎት ነበር፤ ወረቀቱን እየሰበሰበ ነበር የጠየቀኝ።

ከኋላዬ የአጎቴ ልጅ ጉሮሮውን ጠረገ። ጥርሱን ያጣው ነው።

«ጠራኝ» አልሁ።

ዳኛው ቀና አሉ። «ማን ጠራሽ?»

«ወንድሜ ነው የጠራኝ። ያደረሰልኝ እሱ ነው» አልሁና በጣቴ አሳየሁት። «ሁሉም ሲሮጥ እሱ አልሮጠም። ጮኾ ፈለገኝ። እጠላዋለሁ፣ ጌታዬ፤ እስክሞት እጠላዋለሁ። ለወንድሜ ግን በሕይወት እያለ ደረስሁለት። እሱ ለወንድሙ አልደረሰም።»

ወልደአረጋይ ፊቱን በታሰረ እጁ ሸፈነ። የአጎቶቼ ልጆች አንድ በአንድ ተነሥተው ሲወጡ የወንበሩ ድምፅ ተሰማኝ። ዞር ብዬ አላየኋቸውም። ዳኛው ለመዝገብ እንዲመች ድገሚው አሉኝ፤ ደገምሁት።